የዘለበቱ ድምፅ

ማስረጃ የሚለውን ስም ያወጡለት የሥራ ጓደኞቹ ናቸው። ሰው አንድ ነገር በነገረው ቁጥር «ማስረጃህስ?» ማለት አመሉ ነበር። አለቃው «ነገ ዝናብ ሳይጥል አይቀርም» ቢለው «ማስረጃህስ?»፤ ጎረቤቱ «ሚስቴ እኮ ነፍሷን ነው የምትሰጠኝ» ቢለው «ማስረጃህስ?»። በዚህ አንደበቱ ይሁን በሌላ፣ እሱ ራሱ ሚስት ሳያገባ አምሳ ሁለት ዓመት ሞላው። ሥራው ሊፍት መጠገን ነው። ፈጣሪ አለ ብሎ አያምንም፤ መንፈሱን፣ ሟርቱን፣ ሕልም ፈቺውን ሁሉ በአንድ ከረጢት አስሮ ከጣለ ቆይቷል። እንግዲህ ከሰባት ወር ወዲህ፣ ሊፍት በር ፊት በቆመ ቁጥር ከግራ ትከሻው ኋላ የሞተ ሰው የሄልሜቱን ዘለበት ሲፈታ የሚሰማው ይሄው ሰውዬ ነው።

ቀጭ ይላል፣ አንድ ጊዜ። ዞር ሲል ማንም የለም። የዚያ ሰው ዘለበት ተሰብሮ በቀጭን ሽቦ የታሰረ ስለነበር ድምፁ ከሌላው ይለያል። ሲፈታ ቀጭ ይልና ሽቦው ፕላስቲኩን ጫር ያደርገዋል፤ ሲታሰር ደግሞ መጀመሪያ ጫር፣ ከዚያ ቀጭ ይላል። ማስረጃ ይህን ድምፅ ከሺህ ድምፅ መሃል ለይቶ ያውቀዋል። የሚሰማው ግን ሲፈታ ብቻ ነው። ትንፋሹን ውጦ፣ አሁን ያስረዋል፣ አሁን ያስረዋል እያለ ይጠብቃል። አይታሰርም። ይህ ነው አንጀቱን የሚበላው።

ሐኪም ዘንድ ሄዶ ጆሮውን አስመረመረ። ሐኪሟ አንድ ሰዓት ሙሉ ስታየው ቆይታ «ጆሮዎ የሃያ ዓመት ጎረምሳ ጆሮ ነው» አለችው፣ ደስ ይለው መስሏት። ደንቁረሃል ብትለው ይሻለው ነበር። ደንቆሮ ጆሮ መድኃኒት አለው፤ የሌለን ድምፅ የሚሰማ ጆሮ ግን በምን ይታከማል? ከዚያ ወዲህ ለማንም አልተናገረም። ማንስ ዘንድ ሄዶ ይናገራል? ሕይወቱን ሙሉ በሌላው ሲስቅ የኖረ ሰው፣ የራሱ ሲመጣበት ሆድ ይፍጀው ከማለት በቀር ምርጫ የለውም።

የዘለበቱ ባለቤት መነኩሴው ነበር። መነኩሴ ያሉት ለቀልድ ነው እንጂ ሚስትም ሁለት ሴት ልጆችም ነበሩት፤ ሳቁም፣ ነፍሱን ይማረውና፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ሆኖ ምድር ቤት ያለውን ሰው ያስደነግጥ ነበር። ስሙን ያተረፈለት አንድ ነገር ነው። ሊፍት ጉድጓድ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ዘለበቱን ፈትቶ፣ ሄልሜቱን አውልቆ በሩ ፊት አንገቱን ደፍቶ ይጸልያል። ይህን ሳያደርግ እግሩን አያነሳም።

ሁለቱን አንድ ላይ ያጣመራቸው አለቃ ወይ ቀልደኛ ነበር፣ ወይ የሚያደርገውን አያውቅም። የመጀመሪያውን ዓመት ዓይንና ናጫ ሆነው ከረሙ። ማስረጃ «ከሊፍቱ ጋር ነው የምታወራው?» እያለ ያሾፋል። መነኩሴው «ካንተ ጋር ከማውራት ይሻላል፤ እሱ እንኳ አንዳንዴ ከፍ ይላል» ብሎ ይመልስለታል። አንድ ቀን ግን ማስረጃ ባሰበት። ሰውየው አንገቱን እንደደፋ ኪሱ ውስጥ እጁን ከትቶ ማፏጨት ጀመረ። መነኩሴው ሳይቸኩል ጸሎቱን ጨረሰ፣ ሄልሜቱን አጠለቀ፣ ዘለበቱን አሰረ።

«አንተ መጥሪያውን ስትሞክር እኔ አፏጭቼብህ አውቃለሁ?» አለው።

ማስረጃ መልስ ፈለገ፣ አጣ። ለማስረጃ መልስ ማጣት ማለት ጥርስ ከማስነቀል የባሰ ነው።

መጥሪያውን መሞከር የሚባለው እንዲህ ነው። ሊፍት ከመነካቱ በፊት ጣራ ላይ ካለው የሞተር ክፍል ኤሌክትሪኩ ይጠፋል። ጠፋ ተብሎ ግን አይታመንም፤ ምድር ቤት ተወርዶ፣ በሩ ገና ሳይከፈት፣ የሊፍቱ መጥሪያ ተጭኖ ይታያል። ሊፍቱ ዝም ካለ ሞቷል። ኮሽ ካለ ወይ መብራት ከሰጠ በሕይወት አለ፣ ወደ ጉድጓዱም የሚገባ ሰው የለም። ከዚያ ቀን በኋላ ሁለቱ ሥራቸውን አንድ ላይ አደረጉት። አንዱ አንገቱን ሲደፋ ሌላው መጥሪያውን ይጫናል።

«አየህ፣ እኔና አንተ አንድ ነን» አለው መነኩሴው አንድ ጊዜ። «ሁለታችንም በር ፊት ቆመን መልስ እንጠብቃለን።»

«የት ተገናኝተን። እኔ እኮ መልስ ሲጠፋ ነው ደስ የሚለኝ።»

መነኩሴው በዚህ ደረጃው ላይ ቁጭ ብሎ ሳቀ፤ ሚስቱንም ልጆቹንም ሲያስቅበት ከረመ።

ጸሎቱ አርባ ሰከንድ ይፈጃል። ማስረጃ ነው የቆጠረው፤ ምን የማይቆጥረው አለ? መጥሪያውን ለመሞከር አምስት ሰከንድ ይበቃል። እሱ ግን ሌላው ቀና እስኪል ጣቱን አያነሳም ነበር። «ጨርሻለሁ፣ አንተ ምን ይዞሃል?» የሚል እንዳይመስልበት ብሎ ነው። ይህን ለማንም አልተናገረም፤ ለመነኩሴውም ጭምር። እንዲህ ሆነው አሥራ ስምንት ዓመት ሠሩ።

የማስረጃ እናት የተቀበሩ ዕለት ዘመድ ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ገብቶ ሲጸልይ እሱ በር ላይ ቀረ። ሳያምኑ አፍ ማንቀሳቀስ እናትን መሸንገል መሰለው። አክስቱ «ለእናትህ እንኳ?» ብላ ፊቷን አዞረችበት። መነኩሴው እንዲህ ያለ ቦታ ከፊት ሆኖ ካልጸለየ የማይሆንለት ሰው ነበር። ያን ቀን አልገባም። መጥቶ ከጎኑ ቆመ። አንድ ቃል አልተናገረም፣ ትከሻውንም አልነካውም። ዝናቡ ሁለቱንም እኩል ደበደባቸው። ማስረጃ ሰውየውን ወንድሜ ብሎ በልቡ የያዘው ከዚያን ቀን ጀምሮ ነው።

ያቺ የተረገመች ጠዋት ስትመጣ ያረፈደው ማስረጃ ነበር። ሕንፃው አሮጌ ነው፤ ሁለት ሊፍት ጎን ለጎን አለው። ሊጠግኑ የሄዱት የቀኙን ነው። ጉድጓዱ ውስጥ ያለው የአደጋ ማቆሚያ ተበላሽቶ ሰንብቷል። የሕንፃው ኃላፊ ደረጃው ሥር ቆሞ አንዴ ሰዓቱን፣ አንዴ እነሱን ያያል። ማስረጃ ስምንት ፎቅ እያለከለከ ወጥቶ ማጥፊያውን አወረደና እያለከለከ ተመለሰ። መነኩሴው በሩ ፊት ቆሞ ዘለበቱን ቀጭ አድርጎ ፈታ።

«ዛሬ እንኳ ተወው በናትህ» አለው ማስረጃ። «ሰውየው በዓይኑ ሊበላን ነው። እየወረድክ ጸልይ።»

መነኩሴው አየው። አልተቆጣም። ሄልሜቱን መልሶ ራሱ ላይ ጫነ፤ ዘለበቱን ግን አላሰረም።

«እሺ። ኃጢአቱ ባንተ» አለና ፈገግ አለ። በሩን በቁልፉ ከፍቶ ወረደ።

ማስረጃ ሰው እንዳይወድቅ ብሎ በሩን መለሰው። ጸሎት ስላልነበረ መቆም አልነበረም፤ መቆም ስላልነበረ መጥሪያውን የተጫነ ጣት አልነበረም። ጣራ ላይ ያጠፋው የግራውን ሊፍት ነበር። ከስድስተኛ ፎቅ አንዲት ሴትዮ ገብታ ወደ ታች ተጫነች፤ የቀኙ ሊፍት እንደ ደህና ሊፍት ወረደ።

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል። የሚለቀም ሲሆን ነው።

ማስረጃ ያን ደረጃ እንደገና እንዴት እንደወጣው አያስታውስም። ሁለቱንም ማጥፊያ ባንድ ላይ አወረዳቸው። መርማሪዎች ሲደርሱ ሁለቱም ጠፍተው አገኟቸው፤ ገለበጡ፣ ፈተሹ፣ በመጨረሻም «ምክንያቱ ያልታወቀ ብልሽት» ብለው ጻፉ። መሥሪያ ቤቱም ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ በየግድግዳው ስለ ጥንቃቄ የሚናገር ወረቀት ለጠፈ።

የመነኩሴው ሚስት ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ የልብስ መስፊያ ሜትሯን ከአንገቷ ሳታወርድ ደረሰች። ቤቷ ውስጥ የተማሪ ዩኒፎርም የምትሰፋ ሴት ናት። አልጮኸችም። ማስረጃን ሁለቱን እጆቹን ይዛ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችው።

«ጸልዮ ነበር?»

«አዎ» አለ ማስረጃ። «እንደ ወትሮው።»

ለዚህ መልሱ ሁለት ምክንያት ነበረው። አንደኛውን ለራሱ ደጋግሞ ነግሮታል፦ የምታምን ሴት ናት፣ ባሏ ሳይጸልይ ሞተ ብላ ዕድሜ ልኳን ከምትቃጠል እምነቷን አክብሬ ላጽናናት። ሁለተኛውን ለራሱም አልነገረውም። ፈርቶ ነው።

ማስረጃ ቅዳሜ ቅዳሜ ምሳውን የሚበላው እነሱ ቤት ነበር። ይህም አሥራ ስምንት ዓመት ሆኖታል። መነኩሴው ማዕዱን ሲባርክ ማስረጃ ማንኪያውን አስቀምጦ እጆቹን ያያል። አሜን ሲባል ሚስትየዋ ሁልጊዜ «በል ብላ፤ ያንተንም ድርሻ ጸልየንልሃል» ትላለች። ሰውየው ከሞተ በኋላም መምጣቱን አልተወም። ልጆቹ ትዳር ይዘው ሩቅ ናቸው፤ ቤቱ ውስጥ እሷና የስፌት ማሽኗ ብቻ ቀርተዋል። የመጀመሪያዎቹን ወራት እሷ ራሷ ትባርክ ነበር፤ ድምፅዋ ግን ከሳምንት ሳምንት እያነሰ ሄደ።

በሰባተኛው ወር አንድ ቅዳሜ ምሳውን አቀረበች፣ ተቀመጠች፣ ማንኪያዋን አንስታ መብላት ጀመረች። ማስረጃ ማንኪያውን አስቀምጦ እጆቹን እያየ ቆየ።

«ብላ እንጂ፣ ይቀዘቅዛል» አለችው።

«አልጀመርሽም እኮ።»

«ይኸው እየበላሁ አይደል?»

«እሱን ማለቴ አይደለም።»

ሴትየዋ ማንኪያዋን ሳታስቀምጥ መስኮቱን አየች። «ትቼዋለሁ» አለች። «ከሦስት ሳምንት በፊት ነው የተውኩት። አንተ ደግሞ ዛሬ ነው ያየኸው፤ ሌላ ጊዜ መርፌ የወደቀበትን ታውቅ ነበር።»

«ለምን?»

«ለምን ትለኛለህ?» አለች። «ሰባት ወር ሙሉ አንድ ነገር ሳመላልስ ከረምኩ። ሰውዬው ጸለየ። ሌላ ሰው ቢነግረኝ ሊያጽናናኝ ፈልጎ ነው እል ነበር። አንተ ግን ለማንም ደስ ይበለው ብለህ የምትናገር ሰው አይደለህም። የሠርጌን ፎቶ አይተህ እንኳ ‹ቀሚሱ ሰፍቶሻል› ያልክ ሰው ነህ። ስለዚህ አመንኩህ። ጸለየ፣ ቀና አለ፣ ወረደ፣ ሞተ። አሜን ያለበት አፉ ገና ሳይዘጋ። ታዲያ ማን ነበር የሚሰማው? እኔስ ይሄን ሁሉ ዘመን ከግድግዳ ጋር ነው ሳወራ የኖርኩት?»

ማስረጃ ማንኪያውን ወደ ሳህኑ ጠርዝ ገፋ አደረገው።

«አንተ ትክክል ነበርክ» አለችው። «አሸነፍክ።»

በጎረምሳነቱ ይህችን ቃል ከአንድ አማኝ አፍ ለመስማት ስንት ክርክር ገጥሟል። አሁን ስትመጣለት አልጣፈጠችውም። ፊቷን አየው። ከእስራት የተፈታ ሰው ፊት አልነበረም፤ የገዛ ቤቷ ተዘግቶባት ደጅ የቀረች ሴት ፊት ነበር። ሰው አስቦ፣ አመዛዝኖ እምነቱን ቢተው ማስረጃ አይከፋውም፤ እሱም በሃያ ዓመቱ የተወው እንደዚያ ነው። ይቺ ግን አልተወችም፤ ተቀማች። የተቀማችው በውሸት ነው፣ ውሸቱም የእሱ ነው። እሷ ደግሞ የእሱን ቃል ማስረጃ አድርጋ ይዛዋለች።

የዚያን ቀን ሊነግራት አልቻለም። «ራሴን አሞኛል» ብሎ ተነሥቶ ሄደ። የሕንፃዋ ሊፍት ጋ ሳይደርስ ወደ ደረጃው ታጠፈ። ቢሆንም ሰማው። በታጠፈበት ቅጽበት፣ ከግራ ትከሻው ኋላ፣ ቀጭ፣ ጫር። ሦስት ፎቅ ደረጃ ሁለት ሁለቱን እየዘለለ ወረደ።

ሳምንቱን ከራሱ ጋር ሲሟገት ሰነበተ። ዝም ብል ምን ይጎድላል? ይላል። ጊዜ ያልፋል፤ ሐዘኑ ይበርዳል፤ ደግሞስ የሌለን ነገር ማመን ብትተው ምን ከሰረች? ይህን ሲል ግን የእናቱ ቀብር ላይ የወረደው ዝናብ ትዝ ይለዋል፤ ያኔ አጠገቡ የቆመው ሰው ‹ምን ከሰረ?› አላለም። ቢናገርስ? የሥራ ፈቃዱ ይነጠቃል። ምናልባትም ይታሰራል። ከዚህ ሁሉ የከበደው ግን ሌላ ነው። በዚህ ዓለም ላይ «አርፍደሃል» የሚል ሰው ያለበት አንድ ቤት ብቻ ነው ያለው፤ ያንንም ያጣል።

ሐሙስ ዕለት እሱና አዲሱ ጓደኛው ወደዚያ አሮጌ ሕንፃ እንዲሄዱ ታዘዙ፤ የቀኙ ጉድጓድ ማቆሚያው ሳይጠገን እስካሁን እንደተዘጋ ነበር። አዲሱ ጓደኛው ከሌላ ድርጅት የመጣ፣ ባለመነጽሩ የሚሉት የአርባ ዓመት ሰው ነው። ማስረጃ ጣራ ላይ ወጥቶ ሁለቱንም ማጥፊያ አወረደ፤ ሦስት ጊዜ ተመልሶ አያቸው። ወርዶ በሩ ፊት ቆመና መጥሪያውን ተጫነ። ሊፍቱ ዝም አለ። ይህ ዝምታ ለሊፍት ሠራተኛ ከምሥራች ሁሉ የሚበልጥ ምሥራች ነው፤ ማስረጃን ግን ጠጉሩን አቆመው። ከኋላው ቀጭ አለ። ጫር። ጣቱን ማንሣት አቃተው። አርባ ሰከንድ አለፈ፣ ሌላ አርባ አለፈ።

«ጋሼ» አለ ባለመነጽሩ በቀስታ። «ይጸልያሉ እንዴ?»

«የለም።»

«ታዲያ ምን እየጠበቁ ነው?»

«ሁለተኛውን» አለ ማስረጃ፣ ሳያስበው።

ባለመነጽሩ ሌላ አልጠየቀም። የመፍቻ ሣጥኑን አንሥቶ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሸሸት አለ። ማስረጃ ላብ ባረጠበው ጣቱ መጥሪያውን እንደያዘ፣ መነኩሴው ዘለበቱ እስኪታሰርለት ድረስ አይሄድም ብሎ አሰበ። ማስረጃ አልነበረውም። ግን አመነው።

ቅዳሜ ከሰዓቱ ቀድሞ ሄደ። ሴትየዋ ማሽኑ ላይ ጎንበስ ብላ የአንዲት ትንሽ ልጅ ቀሚስ ጠርዝ ትሰፋለች። ተቀመጥ ስትለው አልተቀመጠም።

«አልጸለየም ነበር» አላት።

እግሯ መርገጫው ላይ ቀጥ አለ።

«ምን አልክ?»

«ያን ቀን አልጸለየም። ዘለበቱን ፈትቶ ሊጸልይ ሲል አስቸኮልኩት። ዛሬ እንኳ ተወው አልኩት። ያረፈድኩትም እኔ ነኝ። እሱ ሲጸልይ ነው እኔ መጥሪያውን የምሞክረው፤ ካልጸለየ አልቆምኩም፣ ካልቆምኩ አልሞከርኩም። ጣራ ላይ ያጠፋሁት የግራውን ነው። የቀኙ በሕይወት ነበር። ብሞክረው ኖሮ ይመልስልኝ ነበር።» ድምፁ ተሰበረ። «ብልሽት የለም። እኔ ነኝ።»

ሴትየዋ የያዘችውን ጨርቅ አጠፈችው፣ ፈታችው፣ እንደገና አጠፈችው።

«ተወው ስትለው ምን አለህ?»

«እሺ፣ ኃጢአቱ ባንተ አለኝ። እየሳቀ ነው ያለኝ።»

እጇን አፏ ላይ አደረገች። ከዚያ ሳቅ ይሁን ለቅሶ ያልለየ ድምፅ ከውስጧ ወጣ። «እሱ ነው» አለች። «ይሄማ እሱ ራሱ ነው።» ዓይኗን በቀሚሱ ጠርዝ ጠረገች። ቀና ስትል ግን ማስረጃ ያንን ዓይን ሊመለከተው አልቻለም።

«ባሌን ገደልክብኝ» አለችው፣ ድምፅዋን ሳታነሣ። «ይሄ ስህተት ነው። ሰው ይሳሳታል፤ አንድ ቀን ይቅር እልህ ይሆናል። ከዚያ ግን ሰባት ወር ሙሉ እዚህ ማዕድ ላይ እየተቀመጥክ አምላኬን ወሰድክብኝ። ይሄ ስህተት አይደለም።»

«እምነትሽን ያከበርኩ መስሎኝ…»

«አላከበርክም። እንደ ሕፃን አባበልከኝ። ‹ትንሽ ነገር ነው የያዘችው፣ አትንካባት› ብለህ ነው። እሱ አንተን አንድ ቀን አባብሎህ ያውቃል? ‹በልብህ እኮ ታምናለህ› ብሎህ ያውቃል?»

«አያውቅም።»

«አያውቅም። ሰዎች ሲሉህ እንኳ ይቆጣ ነበር። ‹አላምንም ካለ አያምንም፤ እሱ የሚለውን የሚያውቅ ሰው ነው› ይላል።»

ማስረጃ ዓይኑን ማሽኑ ላይ ተክሎ ቆመ።

«ጸሎቱ ስንት ጊዜ ይፈጅ ነበር?» አለችው ድንገት።

«አርባ ሰከንድ።»

ራሷን ነቀነቀች። «ጸሎቱ አንድ ቃል ነበር። ‹የማስረጃን እጅ ጠብቅልኝ፤ እሱ ስለማይለምንህ እኔ ልለምንለት።› ይኸው ነው። ስለ ራሱ አንድም ነገር የለበትም። ‹ታዲያ ያን ያህል ለምን ትቆማለህ?› ብዬ ጠይቄው አውቃለሁ። ‹ማስረጃ ሥራው ላይ ጠንቃቃ ነው፤ መጥሪያውን ይዞ ብዙ ነው የሚቆየው። ቀድሜ ቀና ካልኩ ለእኔ ብሎ ይቸኩላል። ጣቱን እስኪያነሣ እጠብቀዋለሁ› አለኝ።»

ማስረጃ ወንበሩን በእጁ ፈልጎ ያዘው።

«እኔ እኮ በአምስት ሰከንድ ነው የምጨርሰው» አለ። «ቀና እስኪል ነበር የምጠብቀው።»

አሥራ ስምንት ዓመት፣ በየሕንፃው፣ በየበሩ፣ እሱና መነኩሴው ሁለቱም ጨርሰው ቆመው ኖረዋል። ማስረጃ ፊቱን በእጁ ሸፍኖ አለቀሰ፤ የእናቱ ቀብር ላይ እንኳ እንዲያ አላለቀሰም።

ሴትየዋ አላጽናናችውም። እስኪበቃው ጠበቀችና «ሰኞ መሥሪያ ቤትህ ሄደህ እንደነገርከኝ ትነግራቸዋለህ» አለች።

«እሺ።»

«ከዚያ በኋላ እዚህ ቤት ምሳ ትበላለህ ወይ አትበላም፣ ዛሬ አልነግርህም። እኔም አላውቀውም።»

«እሺ።»

ኮቱን አንሥቶ ወደ በሩ ሲዞር ጠራችው።

«የት ትሄዳለህ? ገና አልጨረስንም።» ሜትሯን ከአንገቷ አወረደች። ጣቷ ላይ ያለውን የስፌት ቀለበት አውልቃ ማሽኑ ላይ አስቀመጠችና ወደ መስኮቱ ዞረች። «አምላኬን ካወራሁት አንድ ወር ሆነኝ። ሐሰት አምኜ አምቼዋለሁ፣ ይቅርታ አለብኝ። እኔም ደግሞ የምጠይቀው አለኝ፤ እንዲህ በዋዛ አልለቀውም። አንተ ጸልይ አልልህም። ግን ቁም። በዚህ ቤት ሲጸለይ ማንኪያውን አስቀምጦ የሚጠብቅ ሰው ለምጃለሁ።»

ማስረጃ ቆመ። የሚጫነው መጥሪያ ስላልነበረ እጆቹን ምን እንደሚያደርጋቸው ጨነቀው፤ በመጨረሻ ኮቱን ደረቱ ላይ አቀፈው። የሴትየዋ ጀርባ ብቻ ይታየዋል። መጀመሪያ ድምፅ አልነበራትም። ቀጥሎ አንሾካሾከች፤ ቁጣም ልመናም ያለበት ሹክሹክታ ነበር። ቃሉን ላለመስማት ሲል ሐሳቡን ወደ ቁጥር መለሰ። አርባ ደረሰ። አለፈ። መቶ ደረሰ፣ እሱም አለፈ። ማሽኑ ላይ የቀረችው ትንሽ ቀሚስ አንድ እጅጌዋ ገና አልተሰፋም።

ያኔ ከግራ ትከሻው ኋላ መጣ። የለመደውን ሊሰማ ጥርሱን ነከሰ።

መጀመሪያ ጫር አለ። ከዚያ ቀጭ።

ሰባት ወር የጠበቀው ድምፅ ነው፤ ዞር ቢል፣ አንድ ጊዜ ብቻ ዞር ቢል፣ መኖር አለመኖሩን በዓይኑ ያያል። አንገቱ መዞር ጀምሮ ነበር። ሴትየዋ ግን ገና አልጨረሰችም። ማስረጃ ፊቱን መለሰ፣ እጆቹን አየ፣ እስክትጨርስ ቆመ።